ማኅደርና ኀዳሪ

ሥርዓት ያለው ቤት የምንለው ዕቃው ሁሉ መክተቻ ያገኘለትን ነው፣ ወይስ ትርፍ ዕቃ የሌለበትን? አሮጌ መጋረጃና ሸሚዝ ቀዶ፣ በወፍራም ገበር አጠንክሮ፣ ትንንሽ የጨርቅ ማስቀመጫ መስፋት የሚያስመሰግን ሙያ ነው፤ የሚጣለውን ያድናል፣ የተዝረከረከውን ይሰበስባል። ጥያቄው ግን መርፌውን ይቀድማል፦ የሚከተተው ምንድን ነው?

የቤተ ክህነት ባህላችን መልስ አለው። በድጓ ማስመስከሪያዋ በጋይንት ቤተልሔምም ሆነ በአጎራባቹ እስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ፣ የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ከረጢት «ማኅደር» ይባላል፤ ማደሪያ ማለት ነው። የሚሰፋውም በመጽሐፉ ልክ ነው። ቀድሞ ኀዳሪው፣ ከዚያ ማኅደሩ። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳም ለዕለት ጉርስ እንጂ ለክምችት አልተሠራችም።

እኛ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ባዶውን ሰፍተን የምንከትበትን እንፈልጋለን፤ ሲሞላ ሌላ እንሰፋለን። ያማረ ጨርቅ የሸፈነው ትርፍ ደግሞ ትርፍነቱ አይታይም፤ ስለማይታይም ለማንም አይሰጥም። ገና የሚለበስ ሸሚዝ ቀዶ ማስቀመጫ መስፋትማ ዕቃን አልብሶ ሰውን ማራቆት ነው።

እንግዲህ መቀሱ ከመነሣቱ በፊት ጨርቁን ገልጦ ማየት ይገባል። ሰው የሚለብሰው ከሆነ ይሰጥ፤ ያለቀለት ከሆነ ይሰፋ፤ እሱም በልኩ።