ልጆቻችን ሲጠይቁን

ንባብ፤ ዘዳግም 6፥4-9፤ 20-25



ሙሴ ሕጉን ለእስራኤል ወላጆች ሲሰጥ ልጆች እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ልጅህ ቢጠይቅህ መልስለት አለ እንጂ ዝም አሰኘው አላለም። በሌላ አገር ልጆቻቸውን በቤት ብቻ የሚያስተምሩ ክርስቲያኖች አሉ፤ እኛ አብዛኞቻችን ወደ ትምህርት ቤት እንልካቸዋለን። ሆኖም ልጅን በቤት የማስተማር ዕዳ ከማናችንም ላይ አልተነሣም።

ልጆቻችን በአዲስ አበባ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም ሄደው ስለ ድንቅነሽ ተምረው ይመለሳሉ። አጽሟ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር ተገኘ፤ ሊቃውንትም ዕድሜውን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው ይላሉ። ማታ በእራት ጊዜ ታናሹ ልጅ፥ «አባዬ፥ አዳም ይቀድማል ወይስ ድንቅነሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ ተቆጥተናል፤ «እንዲህ ያለ ነገር በቤቴ አይነሣ» ብለናል። ልጁም ዝም ይላል። ጥያቄው ግን አይጠፋም፤ የሚጠፋው በአባቱ ላይ ያለው መታመን ነው። ሲያድግም አባቱ የፈራውን ጥያቄ እግዚአብሔርም የሚፈራው ይመስለዋል።

እንግዲህ ምን እንበል?

በመጀመሪያ እውነትን እንናገር። ስምንተኛው ትእዛዝ በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር ይከለክለናል፤ አጥንትን የሚመረምረው ሊቅም ባልንጀራችን ነው። «ሰው ከዝንጀሮ ተወለደ ይላሉ» እያልን ስንቀልድ ኖረናል። እነርሱ ግን የሚሉት ሰውና ዛሬ በዱር የሚኖሩት ዝንጀሮዎች እጅግ ከራቀ ዘመን ከአንድ የጋራ ግንድ ተለያይተው ወረዱ ነው። የአጽሙንም ዘመን የሚያሰሉት በዚያ ሥፍራ ከተነባበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በዚህ ነገር ሐሰት እንደ ነገርነው ልጃችን ከመምህሩ ቢሰማ፥ ስለ ትንሣኤ የነገርነውን እንዴት ያምነናል?

ሁለተኛም የምናምነውን በግልጥ እንመስክር። ማርቲን ሉተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም ያዘጋጀው አባቶች ለቤተ ሰባቸው በቀላል ቃል እንዲያስተምሩበት ነው። ስለ ፍጥረት በሚናገረው አንቀጽም የዓመታትን ቍጥር አያስተምርም፤ እግዚአብሔር እኔን ራሴን እንደ ፈጠረኝ፥ ሥጋና ነፍስ እንደ ሰጠኝ፥ ዕለት ዕለትም እንደሚጠብቀኝ ያስተምራል እንጂ። አጥንት ስለ ዘመን ሊነግረን ይችላል፤ ልጃችን በፈጣሪው የተወደደ መሆኑን ግን አጥንት አይነግረውም። ይህን የምንነግረው እኛ ነን። አጽሟን ድንቅነሽ ብለው ሰየሟት፤ ዳዊትም በመዝሙር 139 ስለ ገዛ አፈጣጠሩ ድንቅነት ፈጣሪውን ያመሰግናል። ለትንሽ ልጅ ረጅም ክርክር አያስፈልገውም፤ ይህን ምስጋና ከእርሱ ጋር እናንብብ።

ሦስተኛም የማናውቀውን አናውቅም ለማለት አንፈር። የአዳም ታሪክና የአጽሙ ዘመን እንዴት እንደሚገናኙ ሁሉን አናውቅም፤ በክርስቲያኖችም መካከል አሳቡ ልዩ ልዩ ነው። ኢዮብ ምድር ስትመሠረት የት እንደ ነበረ በተጠየቀ ጊዜ እጁን በአፉ ላይ ጫነ። «ልጄ ሆይ፥ ይህን አላውቅም፤ ና አብረን እንመርምር» የሚል አባት ክብሩ አይጐድልበትም። መዳናችን የቆመው በአጥንት ዕድሜ ላይ አይደለም፤ ስለ እኛ በተሰቀለውና በተነሣው በክርስቶስ ላይ ነው።

የሰማይና የምድር ፈጣሪ ሆይ፥ ልጆቻችንን ያለ ፍርሃትና ያለ ሐሰት ወደ አንተ እንድንመራቸው ጥበብንና ትዕግሥትን ስጠን። አሜን።