ቅዱሳት መጻሕፍትን ማን ቈጠራቸው?

በዋግ ኽምራ፥ በደሃና ወረዳ ከምትገኘው ከአምደወርቅ አንድ ዲያቆን ደብዳቤ ላከልን። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ጥያቄው ግን አጭር አይደለም። ዲያቆኑ ቅዱሳት መጻሕፍት ሰማንያ አንድ ናቸው ሲባል ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ እየሰማ አደገ። ኋላም ከአንድ ጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው ማውጫውን ቢቈጥሩ ስድሳ ስድስት ሆነ። ጎረቤቱም፦ ሄኖክንና ኩፋሌን ማን ጨመረላችሁ? ጳጳስ የሾመላችሁ ቅዱስ አትናቴዎስ እንኳ አልቈጠራቸውም አለው። ዲያቆኑም የሚመልሰው ቃል አጥቶ ዝም አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሰማንያ አሐዱ ብሎ ለማስተማር አፉ እንደሚከብደው ጻፈልን።

ይህ ጥያቄ የእርሱ ብቻ ስላልሆነ መልሱን በዚህ መጽሔት ልናወጣው ወደድን። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣብን ተቈጥተን እናልፈዋለን፤ ቍጣ ግን መልስ አይደለም። ነገሩ የብዙ አገሮች ነገር ስለ ሆነ፥ የዘመናቱን ቍጥር የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ከአይሁድ እንጀምር፤ ብሉይ ኪዳን በመጀመሪያ የተነበበው በእነርሱ ጉባኤ ነውና። ብዙ ሰው፥ አንድ ቀን ሊቃውንተ አይሁድ ተሰብስበው ይህ ይግባ፥ ይህ ይውጣ ብለው የወሰኑ ይመስለዋል። እንዲህ አልሆነም። ዕዝራ ከምርኮ መልስ በውሃው በር ፊት ባለው አደባባይ፥ በእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ መጽሐፈ ኦሪትን ሲያነብ፥ ሕዝቡ ቆሞ ሰማ፤ አለቀሰም (ነህ. 8)። በዚያ ቀን የመጻሕፍትን ዝርዝር ያቀረበ ማንም አልነበረም፤ ሕዝቡ ሰምቶ የአምላኩን ቃል ዐወቀ እንጂ። ከኦሪት ቀጥሎ ነቢያት፥ ከነቢያትም ቀጥሎ ሌሎቹ በየዘመናቸው እየተነበቡ ከበሩ። ጌታ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የሲራክ የልጅ ልጅ የአያቱን መጽሐፍ ወደ ጽርእ ሲመልስ፥ በመቅድሙ ሕግን፥ ነቢያትንና ሌሎችን መጻሕፍት ያነሣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወገኖች የታወቀ ስም አላቸው፤ ሦስተኛው ወገን ግን ገና የተለየ ስም አልወጣለትም። ይህም በሩ ገና ፈጽሞ እንዳልተዘጋ ያሳያል።

በመጀመሪያው መቶ ዓመት መጨረሻ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ የመጻሕፍቱን ቍጥር 22 ያደርገዋል። (ይህን ዮሴፍ፥ ዜና አይሁድ በስሙ ከሚጠራው ከዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ጋር አንድ የሚያደርጉ አሉ፤ መጽሐፉ ግን ሌላ፥ ዘመኑም ኋለኛ ነው።) ከዚያም በኋላ የአይሁድ መምህራን፥ መኃልየ መኃልይና መክብብ እጅን ያረክሳሉን ወይስ አያረክሱም? እያሉ ይከራከሩ ነበር፤ በእነርሱ አነጋገር እጅ የሚያረክስ መጽሐፍ ማለት ቅዱስ መጽሐፍ ማለት ነው። በ90 ገደማ በያምንያ ጉባኤ ተደርጎ ቍጥሩ ተዘጋ የሚለውን ነገር ከአውሮፓ መጻሕፍት የቀዱ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ ዛሬ ግን የአውሮፓ ሊቃውንት ራሳቸው ይህን አሳብ ትተውታል።

ኩፋሌንና ሄኖክን ስለ ሚመለከተው ነገር ግን ምድር ራሷ ምስክር አወጣች። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ፥ በቁምራን ዋሻዎች ውስጥ የጥንት አይሁድ ብራናዎች ተገኙ። ከእነዚህም መካከል ሄኖክ በአራማይስጥ፥ ኩፋሌም በዕብራይስጥ ተገኝተዋል። ኩፋሌ ወደ 15 በሚሆን ቅጂ ሲገኝ፥ ዛሬ ስድሳ ስድስቱን የሚቈጥሩ ሁሉ ከሚቀበሉት ከመጽሐፈ አስቴር ግን አንዲት ቍራጭ እንኳ አልተገኘችም። እነዚህን መጻሕፍት ኢትዮጵያውያን ከልባቸው አንቅተው ጻፉአቸው የሚል ሰው ቢኖር፥ ጌታ ከመወለዱ በፊት በይሁዳ ምድረ በዳ ሲገለበጡ እንደ ነበር ይወቅ።

ምስክር ፍለጋ እስከ ሙት ባሕር መሄድም አያስፈልግም ነበር። ከዋግ በስተ ምዕራብ፥ በሰሜንና በወገራ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ኦሪታቸውን የሚያነቡት እንደ እኛ በግእዝ ነበር፤ ኩፋሌንም ያከብሩ ነበር። ብዙዎቹ በ1984ና በ1985፥ ደግሞም በ1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ በዚያ ያሉ ወገኖቻቸው ከቅዱሳት መጻሕፍት የማይቈጥሩትን መጽሐፍ እያከበሩ ሄዱ። አይሁድ ነን በሚሉት መካከል እንኳ የመጻሕፍት ቍጥር በሁሉ ዘንድ አንድ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ወደ ሐዲስ ኪዳን እንለፍ። ሐዋርያት መልእክታቸውን ሲጽፉ ማውጫ አልጻፉም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቈላስይስ የላከው መልእክት በሎዶቅያም እንዲነበብ አዘዘ (ቈላ. 4፥16)፤ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በዚህ፥ በጉባኤ በማንበብ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት መርቅያን የተባለው መናፍቅ ብሉይን በሙሉ ጥሎ፥ ከወንጌላት የተቈረጠ ሉቃስን፥ ከመልእክታትም ዐሥር የጳውሎስን ብቻ አስቀርቶ የራሱን ዝርዝር አወጣ። እንግዲህ ቍጥርን ለማሳነስ ከቸኰሉት መጀመሪያ የሚጠራው መናፍቅ መሆኑን ልብ ይሏል። በ180 ገደማ ሄሬኔዎስ ወንጌላት አራት መሆናቸውን አስረግጦ ጻፈ። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አውሳብዮስ ዘቂሳርያ ሁሉ የተቀበላቸውን መጻሕፍት ክርክር ካለባቸው ለይቶ ጻፈ፤ የያዕቆብ፥ የይሁዳና ሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት ክርክር ካለባቸው ተቈጠሩ። ፔሺታ በሚባለው በሶርያውያን ጥንታዊ ትርጕም ሐዲስ ኪዳን 22 መጻሕፍት ብቻ ነበረ፤ ራእየ ዮሐንስ አልነበረበትም። ሶርያውያን ግን በዚህ ምክንያት ክርስቲያኖች አይደሉም ያላቸው አልነበረም።

በዚህ ስፍራ አንድ ስሕተት እናርም። የመጻሕፍትን ቍጥር የወሰኑት በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት ናቸው እየተባለ ይነገራል። በጉባኤው የተሠሩት 20ው ቀኖናዎች ግን አንዱም ስንኳ ስለ መጻሕፍት ቍጥር አይናገርም። አባቶቻችን ያላደረጉትን አደረጉ ማለት ክብር አይጨምርላቸውም።

አሁን ወደ አትናቴዎስ እንምጣ፤ የዲያቆኑ እሾህ እዚህ ላይ ነውና። ቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊ በ330 ገደማ ፍሬምናጦስን፥ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፥ ጵጵስና ሹሞ ወደ አክሱም ላከ። ይኸው አባት በ367 ለግብፅ አብያተ ክርስቲያናት በጻፈው በ39ኛው የፋሲካ መልእክቱ መጻሕፍቱን ዘርዝሮ አስቀመጠ፤ የሐዲስ ኪዳን 27 መጻሕፍትም ዛሬ እንደምንቈጥራቸው ሆነው በዚህ ዝርዝር ይገኛሉ። ሄኖክ ግን በዝርዝሩ የለም። እንዲያውም በቅብጥ ቋንቋ ተጠብቆ በቀረው የመልእክቱ ክፍል በሄኖክ ስም የሚጠሩትን መጻሕፍት በግልጥ ይነቅፋል። ይህን ሸሽገን ቅዱስ አትናቴዎስ ከእኛ ጋር ነበረ ብንል ሐሰት ይሆንብናል።

ነገር ግን ጎረቤቱ ያላነበበው ነገር በዚያው መልእክት አለ። አትናቴዎስ መጽሐፈ አስቴርንም ከዝርዝሩ አውጥቶ፥ ከጥበብ፥ ከሲራክ፥ ከዮዲትና ከጦቢት ጋር፥ ለንኡሰ ክርስቲያን እንዲነበቡ ከተፈቀዱት አድርጎ ቈጥሮአታል፤ ባሮክን ግን ከኤርምያስ ጋር ቈጥሮአል። እንግዲህ ሄኖክን በአትናቴዎስ ስም የሚጥል፥ በዚያው ስም አስቴርን ይጣል፥ ባሮክንም ይቀበል። እንዲህ የሚያደርግ ባለ ስድሳ ስድስት እስካሁን አላየንም። መልእክቱም የተጻፈው፥ የተሰወሩ መጻሕፍትን ምክንያት አድርገው ምእመናንን የሚያናውጡ፥ መለጢያውያንን የመሰሉ ተገንጣዮች በግብፅ በነበሩበት ጊዜ ነው። እረኛ ተኵላ ባየበት በኩል አጥሩን ያጠብቃል።

ከአትናቴዎስ አስቀድሞ ግን ሌሎች ነበሩ። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካርታጎ የነበረው ጠርጡልያኖስ ስለ ሄኖክ ቆሞ ተከራክሮአል። ከእርሱም በፊት ሐዋርያው ይሁዳ ከአዳም ሰባተኛ የሆነውን ሄኖክን በስም ጠርቶ ትንቢቱን ጠቀሰ (ይሁዳ 14)። የአክሱም አባቶች ከጽርእ ወደ ግእዝ ሲተረጕሙ ይህን መጽሐፍ በምእመናን እጅ አገኙት፤ ተረጐሙትም። ሌላው ዓለም ቀስ በቀስ ተወው፥ የጽርኡም ቅጂ ተቈራርጦ ቀረ፤ በሙላት የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ይዞት የሄደው ቅጂ በ1773 አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ አሳተመው። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ አውሮፓ ሄኖክን በሙሉ ያነበበው ከእኛ ብራና ነው።

ስለ ቍጥሩ ደግሞ ሊጨነቅ የሚገባው ብዙ ነገር የለም። ሰማንያ አንድ የሚለው በሲኖዶስና በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 2 ይገኛል፤ አቈጣጠሩ ግን በሊቃውንቱ ዘንድ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ብሉይን 46፥ ሐዲስን 35 ያደርጋል፤ በሐዲሱ ላይ አራቱን ሲኖዶስ፥ ሁለቱን መጽሐፈ ኪዳን፥ ቀሌምንጦስንና ዲድስቅልያን ይጨምራልና። ሁለተኛው ሐዲስን 27 አድርጎ ብሉይን በመከፋፈል 54 ያደርሰዋል። ድምሩ አንድ ነው። ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው ይሥቃል፤ ዮሴፍ 22 ያላቸውን መጻሕፍት አይሁድ ዛሬ 24፥ ፕሮቴስታንት ደግሞ 39 ብለው እንደሚቈጥሩ ቢያውቅ ግን ሣቁን ይተው ነበር።

መጻሕፍቱን መቀበልም በአባቶቻችን ዘመን የሕይወት ነገር ነበር። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበት እንድትከበር ሲከራከሩና ስለዚህም ሲሰደዱ ማስረጃቸው ኦሪትና የሐዋርያት ሲኖዶስ ነበረ። በ1450 በደብረ ምጥማቅ፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለበት ጉባኤ፥ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ሲወሰን፥ ከመጽሐፉ ጋር የተሰደደው መነኵሴ ከመጽሐፉ ጋር ተመለሰ። ንጉሡም በመጽሐፈ ሚላድ ሄኖክን ደጋግሞ ይጠቅሳል።

ታዲያ ስድሳ ስድስት ከወዴት መጣ? ሉተር እንኳ በ1534 ባሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ ዮዲትንና ጦቢትን በብሉይና በሐዲስ መካከል ለብቻቸው አድርጎ አትሞአቸዋል፤ በ1611 የወጣው የእንግሊዞች መጽሐፍም እንዲሁ። የለንደኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ግን በ1826 እነዚህን ለማሳተም ገንዘብ እንዳይወጣ ወሰነ። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በካይሮ ወደ አማርኛ የተረጐመውን መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በ1840 ያሳተመው ይኸው ማኅበር ነው። ስለዚህ ስድሳ ስድስት የሚለው ቍጥር በአማርኛ የገባው በማተሚያ ቤት በር ነው እንጂ በጉባኤ በር አይደለም። ይህን ስንል ያን መነኵሴ አንነቅፍም፤ ድካሙ ትልቅ ነው።

በዋግ በብዙ ቤት የሚነገረው ኽምጣንጋ ነው። ወንጌል በግእዝ ሲነበብ ግን እናቲቱ ነጠላዋን አስተካክላ ትቆማለች፤ ስድሳ ስድስትም ሰማንያ አንድም ብላ አታውቅም። እነ ዕዝራ በውሃው በር ያዩት ሕዝብ ይህን ይመስል ነበር። እኛ ካህናት ግን ቍጥሩን ይዘን እንመካለን እንጂ ሄኖክን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ከመካከላችን ስንት ነው? መቃብያንንስ? እኛም ራሳችን ዘግይተን ነው ያነበብነው፤ ያነበብነውም እንዲሁ ባለ ጥያቄ አሳፍሮን ነው። የጎረቤቱ ቃል ዲያቆኑን የጣለው ጎረቤቱ ስለ በረታ ሳይሆን፥ እኛ መጽሐፉን በስሙ ብቻ ስላስተማርነው ነው።

ልጃችን ሆይ፥ በደብዳቤህ መጨረሻ፥ የታተመውን ባለ ስድሳ ስድስት መጽሐፍ ቤቴ ላኑረው ወይስ ለሰጠኝ ልመልሰው? ብለህ ጠይቀኸናል። አኑረው፤ በውስጡ ያሉት ስድሳ ስድስቱም የእኛ ናቸውና። ሄኖክንና ኩፋሌን ግን መምህርህ በሕይወት ሳሉ ከእርሳቸው አንብብ፤ ዜማውን እንደ ተማርህ፥ ትርጓሜውንም ጠይቃቸው። በቅዳሴ ንፍቅ ዲያቆን ሆነህ ስትቆም፥ ግጻዌው መልእክተ ይሁዳን የሚያዝበት ቀን ይደርስሃል። አንዲት ምዕራፍ ብቻ ናት። በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ያን ጎረቤትህን ጥራውና፥ በእርሱው መጽሐፍ ዐሥራ አራተኛውን ቍጥር አብራችሁ አንብቡ።