ትዕቢትና ዐቢይ ጾም

ትዕቢትና ዐቢይ ጾም አንድ ሥር አላቸው ብልህ ትገረም ይሆናል። ግእዙ «ዐብየ» ይላል፤ ታላቅ ሆነ፣ ከፍ አለ ማለት ነው። ታላቁን ጾማችንን «ዐቢይ» ያሰኘው ይኸው ቃል ነው፤ ራስን ታላቅ ማድረግንም «ትዕቢት» ያሰኘው እርሱው ነው። እመቤታችን በኤልሳቤጥ ቤት ስትጸልይ «ታዐብዮ» ያለችውም ከዚሁ የወጣ ነው፤ እርሷ ግን ከፍ ከፍ ያደረገችው ጌታን ነው። እንግዲህ ጥያቄው ሰው ማንን ታላቅ አደረገ ነው።

አማርኛችን ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። ኩራት አንዳንዴ በደግ ይነገራል፤ እናት በልጇ ብትኮራ ማን ይቀየማታል? ትዕቢተኛውን ግን «ኧረ ይሄ ሰውዬ ጠግቧል! ልቡ አብጧል!» እንለዋለን። ታዲያ ትዕቢት ጥጋብ ከሆነ፣ የሚጾም ሰው ከትዕቢት ነጻ ነው ማለት ነው? እኔም እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት በዚሁ ጾም፣ መሥሪያ ቤት ከጎኔ የምትቀመጥ እኅት ልክ በ6 ሰዓት ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ሽሮ ነበር። እኔ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ምንም አልተናገርኩም፤ ብቻ ወንበሬን ወደ መስኮቱ ዞር አደረግሁ። ሆዴ ባዶ ነበር፤ ልቤ ግን ጠግቦ ያገሳ ነበር። መድኃኒት ስለምትወስድ የነፍስ አባቷ እንደፈቀዱላት የሰማሁት በኋላ ነው። (ባይፈቅዱላትስ ኖሮ? ያም ቢሆን የእኔ ጉዳይ አልነበረም።)

ፈሪሳዊውም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾም ነበር (ሉቃ. 18፥12)። አልዋሸም፤ ጾሟል። ጾሙን ግን ቀራጩን ለመናቅ ተጠቀመበት። በግብፅ በረሃ ስለነበረው ስለ አባ መቃርስ የሚተረከውም ያስፈራል። ሰይጣን ተገልጦ፣ አንተ ትጾማለህ እኔ ግን ከቶ አልበላም፤ አንተ ትተጋለህ እኔ ግን ጨርሶ አልተኛም፤ የምታሸንፈኝ በትሕትናህ ብቻ ነው አለው ይባላል። አየህ ወንድሜ፣ አየሽ እኅቴ? በአለመብላት ብቻ ቢሆን ሰይጣንን የሚያህለው የለም! እኛ 55 ቀን፣ እርሱ ዘመኑን ሁሉ።

ያቺን እኅት ይቅርታ ልጠይቃት ብዙ ጊዜ አስቤ ተውኩት። «ምን ብዬ? እርሷ እኮ አላወቀችም» እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በሰሙነ ሕማማት፣ ሰኞ ዕለት፣ እንደምንም ነገርኳት።

«ወንበርህን ስታዞር አይቼህ ነበር» አለችኝ።