የሱቢዝ ቤትና የማይታዩት እጆች

ከጭቁን ሕዝብ ላብ በተሰበሰበ ሀብት የተሠራ ውበት የባለሀብቱን በደል አብሮ ይወርሳልን? ይህን የቆየ ጥያቄ በፓሪስ ከተማ፣ ማሬ በሚባለው ሰፈር የቆመው ኦቴል ደ ሱቢዝ አጉልቶ ያሳየዋል። ኦቴል ሲባል እዚህ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ማለት አይደለም፤ ባለርስቱ መስፍን በከተማ የሚኖርበት ቤት ነው።

ፍራንስዋ ደ ሮሃን የተባለው መስፍን የጊዝ መሳፍንትን አሮጌ መኖሪያ በ1700 (እ.ኤ.አ.) ገዝቶ ደላሜር በተባለው የኪነ ሕንጻ ሊቅ በአዲስ መልክ አሠራው። አሠራሩ ራሱ የዘመኑን ሥርዓት ይናገራል። ቤቱ ከመንገዱ ርቆ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በተሰለፉ አምዶች ከተከበበ ሰፊ ግቢ በስተኋላ ይቆማል፤ መንገደኛው ከበሩ ውጭ ይቀራል።

በ1730ዎቹ ቦፍራን ያዘጋጃቸው ሁለት ሞላላ አዳራሾች የሮኮኮ ጥበብ ከደረሰባቸው ከፍታዎች መካከል ናቸው። በልዕልቲቱ አዳራሽ ናትዋር የፕሲኬን ታሪክ በስምንት ሥዕሎች ሥሎታል። በጥንቱ ተረት ፕሲኬ የገባችበት ቤተ መንግሥት አገልጋዮች አይታዩም፤ ማዕዱ ይቀርባል፣ ዜማው ይሰማል፣ እጁ ግን የለም። ሠዓሊው አስቦበት ይሁን አይሁን፣ ለመሳፍንቱ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ መስተዋት ሊሰጣቸው ባልቻለ ነበር። ጀሶውን ያቦካው፣ እንጨቱን የጠረበው፣ ውሃውን የተሸከመው ሁሉ በዚያ ቤት እንደማይታይ ሆኖ ኖሯልና።

አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ መልሱ ቀላል መስሎ ነበር። በሐምሌ 1793 የባላባት መብት የተጻፈባቸው ሰነዶች እንዲቃጠሉ ታወጀ። ገባሩ የመገበሪያውን ወረቀት በማቃጠሉ ማን ይፈርድበታል? ዳሩ ግን በዓመቱ፣ ራሱ የአብዮቱ ሰው የነበረው ጳጳስ ግሬግዋር ቅርስ አፍራሾችን «ቫንዳሊዝም» በሚል አዲስ ቃል በሸንጎው ፊት ከሰሳቸው። በዚያው በ1794፣ በሰኔ ወር የወጣ ሕግም ማንኛውም ዜጋ የሕዝብ መዛግብትን ያለ ክፍያ ለማየት እንዲችል ደነገገ። በ1808 ናፖሊዮን የሱቢዝን ቤት የብሔራዊው መዝገብ ቤት ማደሪያ አደረገው፤ ከእሳት የተረፈው የባላባት ወረቀትና አብዮቱ የጻፈው ሕግ በአንድ ጣራ ሥር ዋሉ።

እንግዲህ ቤቱን መጠበቅ መሳፍንቱን ይቅር ማለት አይደለም። የሮሃን የነበረው ገንዘቡ ነው፤ እሱም ቢሆን ከገበሬው የተወሰደ ነው። ጥበቡ የሠሪዎቹ ነው። ሕዝቡ ቤቱን ሲረከብ የራሱን መለሰ እንጂ የሰው አልወሰደም።

ክርክሩ ግን በዚህ አያበቃም። በ1962 በባህል ሚኒስትሩ በአንድሬ ማልሮ ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ፤ በ1964ም ማሬ በሙሉ የተጠበቀ ክልል ሆነ። ያለዚህ ሕግ ብዙ ቤት በፈረሰ ነበር፤ ይህ አይካድም። ሆኖም በኋላ ዘመን በየግቢው የተተከሉ የእጅ ባለሙያዎች መሥሪያ ቤቶች እንደ ጉድፍ ተቆጥረው ተነቀሉ፤ ኪራዩ ሲወደድ ድሃው ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ተገፋ። አዳሾቹ የ18ኛውን መቶ ዓመት ግቢ የመለሱት ከነባዶነቱ ነው፤ አናጢውና ቆዳ ሰፊው ዳግመኛ ከዓይን ተሰወሩ። የሱቢዝ ቤት በር ዛሬ ለጎብኚ ሁሉ ክፍት ነው፤ ከበሩ ማዶ ባለው መንገድ ክፍል የመከራየት አቅም ያለው አናጢ ግን ጥቂት ነው።