ሰውነታችንን በምን እናስረጀው?

የሰፈሬ ልጅ የሆነ አንድ ወጣት በሳምንት አምስት ቀን ብረት ያነሳል። ይህን ያህል የሚደክመው ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ጤና የሚባለው ለእናንተ ለትላልቆቹ ነው፤ እኔ የምሠራው ለስታይል ነው። ሰውነት ከሌለ ልብስ አያምርም» ሲል መለሰልኝ። መልሱ አላስቆጣኝም። እንዲያውም ብዙዎቻችን የምናስበውን፣ ነገር ግን አፍ አውጥተን የማንናገረውን ነገር በግልጽ ተናገረ። ሸሚዝ እንደምንመርጠው፣ ጢማችንን እንደምናስተካክለው፣ ሽቶ እንደምንቀባው ሁሉ ዛሬ ደረትና ትከሻም ከዝነጣው ተቆጥረዋል። ታዲያ ይህ ነውር ነውን?

አንዳንድ አባቶች ያለ ማመንታት «አዎን፣ ነውር ነው» ይላሉ። ነገ አፈር ለሚሆን ገላ ይህ ሁሉ ድካም ምንድን ነው ባዮች ናቸው። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) ቀኑን ሁሉ እየጾመ፣ ሌሊቱን ሁሉ እየሰገደ ሰውነቱን ሲጎዳ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰምተው ዝም አላሉትም። ሰውነቱም፣ ዓይኑም፣ ባለቤቱም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስታወሱት። ለኢባዳ ሲባል እንኳ ገላን መበደል ካልተፈቀደ፣ በስንፍና መበደሉ ከየት የመጣ ዙህድ ነው? ደግሞም ልብሱና ጫማው እንዲያምርለት የሚወድ ሰው ጉዳይ በተነሣላቸው ጊዜ መልሳቸው አላህ ውበትን እንደሚወድ፣ ኩራት ማለት ግን ሐቅን አልቀበልም ማለትና ሰውን መናቅ እንደሆነ ነበር። እንግዲህ የወጣቱ መዘነጥ በራሱ ወንጀል አይደለም ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ስታይል ይለወጣል። በአገራችን ለረጅም ዘመን ዝነጣ ማለት ውፍረት ነበር። ከርሞ የተገናኘ ዘመድ «ወፈርክ! አማረብህ!» ሲል አድናቆቱ ከልብ ነበር። ቦርጭ የተመቸው ሰው ምልክት፣ የጉንጭ መሙላት የደስተኛ ትዳር ማስረጃ ነበሩ። ክብደት የቀነሰ ሰው ደግሞ «ምን ነካህ? አመመህ እንዴ?» እየተባለ መግቢያ መውጫ ያጣ ነበር። ዛሬ በከተማው ነገሩ ተገልብጧል፤ ቦርጭ ያሳፍራል፣ ሸንቃጣ ይደነቃል። ነገ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ደም ሥራችን ግን ፋሽን አይከተልም። ስኳርና የደም ግፊት ቦርጭ በተደነቀበት ዘመንም ይጎዱ ነበር፣ አሁንም ይጎዳሉ። በተለይ የደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ባለ ሰፊ ደረቱም ሰው ሳይለካ አያውቀውም። ጤናውን ለስታይል ብሎ የያዘ ሰው፣ ስታይሉ ሲለወጥ ጤናውንም አብሮ ይጥለዋል። ከዚህም የከፋው፣ ስታይሉና ጤናው የተጣሉ ዕለት ስታይሉን የመረጠ እንደሆነ ነው።

እንዴት ይጣላሉ ለሚለኝ አንባቢ፣ ብረት የሚያነሱ ወጣቶች ሁሉ የሚያውቁትን ሰው ምሳሌ ላቅርብ። ሙሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1964 በ22 ዓመቱ ሶኒ ሊስተንን አሸንፎ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን፣ የሚፎክረው በጡጫው ብቻ አልነበረም። ቡጢ ያላበላሸውን ፊቱን እያሳየ መልከ መልካምነቱን ለዓለም ያውጅ ነበር። ሰውነቱን ስታይል ያደረገ ሰው ካለ እርሱ ነው።

ይህ ሰው ሁለት ዓመት ያህል ከመድረክ ርቆ ከቆየ በኋላ በ38 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1980 በላስ ቬጋስ ከላሪ ሆልምስ ጋር ሊጋጠም ቀረበ። ወፍሮ የነበረው ሰው ወደ 99 ኪሎ ወርዶ፣ ሽበቱን በጥቁር ቀለም ሸፍኖ፣ ወገቡ ጠቦ ታየ። የተመለከቱት ሁሉ የጥንቱ ዓሊ ተመልሶ መጣ አሉ። ከውጭ ሲያዩት እውነት ነበር። ከውስጥ ግን ክብደት ለመቀነስ የወሰደው የታይሮይድ መድኃኒት አቅሙን አሟጦት ነበር። ደወሉ ሲደወል እጁ አልታዘዝ አለው፤ ቡጢ መሰንዘር አቅቶት ሲመታ ቆየና ከአሥረኛው ዙር በኋላ አሠልጣኙ ግጥሚያውን አስቆመ። በቡጢ ሕይወቱ ሁሉ ግጥሚያው እንዲህ የተቋረጠበት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መስተዋት አታሎታል ማለት ይቻላል። መስተዋት ቆዳን እንጂ ልብንና ኩላሊትን አያሳይማ!

ይህን የማነሳው ስለ አንድ ቡጢኛ ለማውራት ብቻ አይደለም። ደረት ቶሎ እንዲሰፋ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥና የሚወጋ የጡንቻ ማሳደጊያ ሆርሞን በዓለም ላይ ስንቱን ወጣት እየጎዳ ነው። ይህ መድኃኒት ልብን ሊጎዳ፣ ጉበትን ሊያበላሽ፣ ወንድንም መካን ሊያደርግ እንደሚችል ሐኪሞች ያስረዳሉ። ሚስት አግብቶ ልጅ የሚመኝ ወጣት ወንድነቱን ለማሳየት ብሎ ወንድነቱን ሲያጣ ከዚህ የከፋ ኪሳራ ምን አለ?

ወደ ዓሊ ልመለስ፤ ምክንያቱም የዚሁ ሰው ሕይወት ሌላ ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 በ25 ዓመቱ ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም አለ። ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ፤ የመጋጠሚያ ፈቃዱን ተከለከለ፤ አምስት ዓመት እስራትም ተፈረደበትና በይግባኝ ከእስር ውጭ ቆየ። ወደ መድረክ የተመለሰው በኦክቶበር 1970 ነው። ፍርዱን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረለት ደግሞ በ1971 ነበር። ለቡጢኛ ከ25 እስከ 28 ዓመት ያለው ጊዜ ማለት ለገበሬ የክረምት ወር ማለት ነው። በዕድሜው ሁሉ እግሩ እጅግ የፈጠነበትን፣ ክንዱ እጅግ የበረታበትን ጊዜ ለእምነቱና ለኅሊናው ብሎ ከመድረክ ውጭ አሳለፈው። ያን ሰውነት በጉልምስናው ያየው ተመልካች የለም። ማንም ሊመልስለትም አልቻለም።

በቲርሚዚ በተዘገበ ሐዲስ ሰው በቂያማ ቀን ከሚጠየቅባቸው ነገሮች አንዱ ሰውነቱን በምን እንዳስረጀው ነው። እዚህ ላይ የገባው የዐረብኛ ቃል ልብስ ተለብሶ ማለቁን ለመግለጽም የሚያገለግል ነው። እኔ ይህን ሳስብ ያ የሰፈሬ ወጣት ገላን ከልብስ ጋር ማዛመዱ ከእውነቱ ብዙም የራቀ አልመሰለኝም። ገላ በእርግጥ ልብስ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥም ብል ይበላዋል፣ ቢለበስም ያልቃል። ማለቁ ካልቀረ ጥያቄው በምን ላይ አለቀ የሚለው ይሆናል። ዓሊ በፓርኪንሰን በሽታ መያዙ በ1984 ከታወቀ በኋላ፣ በ1990 ወደ ኢራቅ ሄዶ 15 አሜሪካውያን ታጋቾችን ይዞ ተመልሷል። በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒኩን ችቦ ሲለኩስ (ፋጡማ ሮባ በሴቶች ማራቶን ወርቅ ያመጣችልን ያ ኦሎምፒክ ነው) እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያንን የሚንቀጠቀጥ እጅ የላስ ቬጋሱ ሸንቃጣ ወገብ ይበልጠዋል የሚል ሰው ካለ ባየው ደስ ይለኛል።

ስታይሉ ወደ ኩራት የሚሻገርበት ድንበርም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሸንቃጣው ወፍራሙን ሲያይ በልቡ «ሰነፍ» ይላል። ወፍራሙ የታይሮይድ ሕመምተኛ ይሁን፣ የሚወስደው መድኃኒት አወፍሮት ይሁን፣ ወይስ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሥራ ወንበር ላይ የማይነሳ የልጆች አባት፣ አይጠይቅም። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ዛፍ ላይ ሳሉ ነፋስ ልብሳቸውን ገልጦት የባታቸው ቅጥነት ቢታይ ባልደረቦቻቸው ሳቁ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። በእኛም ከተማ መርካቶ ውስጥ አንድ ኩንታል በጀርባው ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ ሰው አለ። ጉልበቱ ከማናችንም ይበልጣል፤ ወገቡ ግን በአርባ ዓመቱ ያልቃል። የእርሱን ሰውነት ስታይል ብሎ የጠራው ማንም የለም፤ ለልጆቹ ዳቦ ያረጀ ገላ ግን እርሱ ነው። ስፖርተኛው ወጣት ይህን ሰው «ጎንበስ በል፣ አንዱን ጫፍ ልያዝልህ» ቢለው ምን ይቀርበታል? በቀብር ላይም የማየው ነገር አለ። ጀናዛ ተሸክሞ ወደ ኮልፌ ሲኬድ ቃሬዛው ሥር የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ትከሻቸው የጠበበ ሽማግሌዎች ናቸው። ሰፊው ትከሻ ከኋላ ስልክ ያያል።

በሌላ በኩል እኛ ትላልቆቹ ራሳችንን የምናጽናናባት አንዲት ሰበብ አለችን። «አምስት ወቅት እንሰግዳለን፤ ስፖርት ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈልጋል?» እንላለን። ሶላት ኢባዳ ነው፤ መጎንበሱና መነሳቱ ገላን ቢጠቅምም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ሰው በቂ እንቅስቃሴ ነው ማለት ግን አይቻልም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይበቃል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው፤ ብረትም፣ ክፍያም፣ መስተዋትም አይጠይቅም። ስለ ሆዳችንማ ባላነሳው ይሻል ነበር። ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ የሚለውን ሐዲስ በረመዳን ሲነበብ እንሰማና፣ መግሪብ ሲያዝን ሦስቱንም ሲሶ ለሳምቡሳ እንሰጠዋለን። ወሩን ሙሉ ጾመን ለዒድ ሱሪ የሚጠብበን ሰዎች ጥቂት አይደለንም።

ስለዚህ ጉዳይ በተወራ ቁጥር ወሬው ስለ ወንድ ትከሻ መሆኑም አይገባኝም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሩጫ መሽቀዳደማቸው ተዘግቧል፤ አንድ ጊዜ እርሷ ቀደመች፣ ሌላ ጊዜ እርሳቸው ቀደሙ። እኛ ግን ለእህቶቻችንና ለእናቶቻችን ከማድ ቤት እስከ ሳሎን ካለው መንገድ ሌላ ያሰብንላቸው ነገር ትንሽ ነው። እናቶቻችን ስኳር ይዟቸው እግራቸው ሲያብጥ ቀደሩን እናነሳለን፤ ከዚያ በፊት የሚራመዱበት ቦታና ሰዓት እንዲኖራቸው ግን የተነጋገርንበት ቀን የለም። ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ማንም አፍጥጦ ሳያያቸው ሊሮጡበት የሚችሉበት ሜዳ በየሰፈሩ ቢፈለግ ስንት ይገኛል?

በእኛ ሰፈር ስድስት እናቶች ሱብሒ ሰግደው ከመስጊድ እንደወጡ ሂጃባቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ከቀሚሳቸው በታች ሸራ ጫማ ተጫምተው እስከ አስፋልቱ መጨረሻ ደርሰው ይመለሳሉ። አንዷን ጉልበቷን ስለሚያማት ፈጥነው አይሄዱም። ሌሎቹ ይቀድሟትና ጥግ ላይ ቆመው ይጠብቋታል፤ ስትደርስ እንደገና ይነሳሉ።