ሕፃን የሙት ካሣ ነውን?

ሰው በዚህ ዓለም የሚበደረው ብድር ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው አበዳሪው በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት የሚመለስለት ነው። ሁለተኛው ግን ዋጋው የሚታወቀው አበዳሪው ከሄደ በኋላ ስለ ሆነ ለማን እንደሚመለስ ግራ ያጋባል። አያት ለልጅ ልጁ የሚያደርገው ቸርነት ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። በልጅነታችን እንደ ፀሐይ ሙቀት ያለ ምስጋና እንቀበለዋለን፤ ምን ያህል እንደ ነበረ የሚገባን ግን እኛ በተራችን ሕፃን ታቅፈን ሌሊቱን ስንቀመጥ ነው፤ በዚያም ጊዜ አያት ብዙውን ጊዜ ወደ መቃብር ወርዷል። እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ብድር ለማን ይመለሳል? ከፋዩስ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከገዛ ቤቴ ደጃፍ አገኘሁት እንጂ።

ቤታችን በዳባት ወረዳ፥ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነው። አገሩ የወገራ ደጋ ነው፤ ሰማዩ በጠራ ጊዜ የስሜን ተራሮች ከሩቅ ይታያሉ። ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ ሽማግሌው ከጋቢው፥ እረኛው ከደበሎው አይለይም። አያቴ በዚህ አገር ዕድሜያቸውን ሙሉ ገብስ ሲዘሩና ሲያጭዱ ኖረው ባለፈው ዓመት በግንቦት መጀመሪያ ዐረፉ። በሦስተኛው ቀን፥ ሠልስታቸው በወጣበት ዕለት፥ ባለቤቴ ሴት ልጅ ወለደች። በአንድ ምድጃ ላይ ለአራሲቱ ገንፎ፥ ለለቀስተኛው ንፍሮ ተጣደ። ጠያቂው ሁሉ ከድንኳኑ ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካለ በኋላ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት ነበረበት። አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ሁለቱን ቃል አቀያይረው ለአራሲቱ የለቀስተኛውን ቃል ቢናገሩባት ደንግጠው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ወዲያውም ያ ሳቅ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። እኔም በዚያ ሳምንት የነበረኝ ልብ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በዳባት ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ፥ ዛሬም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የጤናና የሕዝብ ቆጠራ ምርምር አለ። መዝጋቢዎቹ በየቤቱ እየዞሩ ማን ተወለደ፥ ማን ሞተ፥ ማን ከሌላ አገር መጣ፥ ማንስ ወጥቶ ሄደ እያሉ ይጽፋሉ። ከዚህ የሚገኘው እውቀት ለሕዝብ ጤና ታላቅ ጥቅም አለው። በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ የእኛ ቤት ነገር ቀላል ነው፤ አንድ ተቀነሰ፥ አንድ ተጨመረ፥ የቤተ ሰቡ ቁጥር እንደ ነበረ ቀረ። መዝገብ በዚህ አይሳሳትም፤ ሥራው መቁጠር ነውና። ስሕተቱ የሚመጣው የመዝገቡን ሒሳብ ወደ ልባችን አስገብተን፥ ቁጥሩ ስለ ሞላ ቤቱም የሞላ ሲመስለን ነው።

ይህ ስሕተት ወደ እኛ ቤት የገባው በስም በኩል ነው። አክስቴ ሕፃኒቱን ታቅፈው «ስሟ ካሰች ይሁን፤ አባታችንን የወሰደ አምላክ በእርሷ ክሶናል» አሉ። ዘመዱም ሁሉ ቃላቸውን አጸና። ይህ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ከሞት በኋላ የተወለደ ልጅ ካሣ፥ ምትኩ፥ ተካ ይባላል፤ ሴቲቱም ካሰች ወይም ምትኬ ትባላለች። ልማዱ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የተጎዳ ልብ የሚደገፍበት ምርኩዝ ነው እንጂ። ሔዋንስ ብትሆን ሴትን በወለደች ጊዜ በአቤል ፈንታ ሌላ ዘር እንደ ተተካላት ተናግራ የለምን? ስለዚህ አክስቴን ለመቃወም አፌ አልደፈረም። ዳሩ ግን ሌሊት ሕፃኒቱ ስታለቅስ ተነሥቼ ፊቷን ባየሁ ጊዜ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህች ፍጥረት ገና ዐይኗን በወጉ ሳትገልጥ፥ ያላየችውን ሰው ስፍራ ሙዪ ብለን ልንቀጥራት ነውን? ያልተበደረችውን ብድር ክፈዪ ልንላት ነውን?

በዚህ አሳብ ላይ ሳለሁ የኢዮብ ታሪክ ትዝ አለኝ። ኢዮብ ከመከራው በኋላ ያጣው ሁሉ ዕጥፍ ሆኖ ተመለሰለት፤ 7,000 የነበሩት በጎች 14,000፥ 3,000 የነበሩት ግመሎች 6,000 ሆኑ። ልጆቹ ግን አስቀድሞ 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ነበሩ፤ በኋላም የተወለዱለት 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ናቸው። ከብቱ ዕጥፍ ሲሆን ልጆቹ ስለ ምን ዕጥፍ አልሆኑም? ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የተሰጠ አንድ መልስ አለ፤ ይኸውም የሞቱት ልጆች በእግዚአብሔር ዘንድ አልጠፉምና ከኋለኞቹ ጋር ሲቆጠሩ ዕጥፍ ናቸው የሚል ነው። ከዚህ የምንማረው ከብት እንደሚተካ፥ ሰው ግን እንደሚጨመር እንጂ እንደማይተካ ነው። ሔዋንም ብትሆን በሴት ተጽናናች እንጂ ሴትን አቤል ሁንልኝ አላለችውም።

ሰውን በሌላ ሰው ስፍራ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ በዚሁ በስሜን አለ። በደራስጌ ማርያም፥ ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በኋላም ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ ጥሩ ወርቅን አገቡ፤ ዓለማየሁም ተወለደ። እንግዲህ ይህ ሕፃን በአባቱ በኩል የንጉሥ ልጅ፥ በእናቱ በኩል የስሜኑ ገዥ የልጅ ልጅ ነበር። በ1860 ዓ.ም. አባቱ በመቅደላ ሞቱ፤ እናቱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመንገድ ዐረፉ፤ እርሱም በ7 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ሴት አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ደብዳቤ ይልኩ ነበር፤ ነገር ግን ደብዳቤ ጭን አይሆንም። በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ያ ልጅ ታላቅ ስም አልጎደለበትም። በሄደበት ሁሉ የሚያየው ሰው በእርሱ ፊት የሞተውን ንጉሥ ያይ ነበር፤ የጎደለበት ስለ ራሱ ብቻ የሚታቀፈው የወገን ጭን ነው። ስምና ውርስ ያለ ጭን ልጅን አያሳድጉም።

ስለ ጭን ካነሣሁ፥ ከአያቴ የተበደርሁትን ልንገርህ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ በግ እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ጨዋታ ይዞኝ ሳለ መሸብኝ፤ አንዱን በግ ጅብ በላብኝ። ዱላውን እየፈራሁ በጨለማ ወደ ቤት ስገባ አያቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አንድ ጊዜ አዩኝና ጋቢያቸውን ከፍተው ከጎናቸው ሸጎጡኝ፤ በሶም በጠብጠው ሰጡኝ። ከዚያም «በጉስ ሄደ፤ አንተ ግን መጥተሃል» አሉ። ከዚህ በቀር አንድ ቃል አልጨመሩም። እኔ ስለ ቸርነት የማውቀው ሁሉ ከዚያ ጋቢ ውስጥ የተማርሁት ነው።

ልጄ በተወለደች በአሥረኛው ሌሊት ይህን ለአባቴ አጫወትኋቸው። የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን እሳቱን እየቆሰቆሱ ብዙ ዝም አሉ፤ በኋላም እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፥ አንተ የምታለቅስላቸውን ሰው እኔ አላገኘኋቸውም። እኔም በአንተ ዕድሜ በዚያው ሜዳ ጠቦት ጠፋብኝ። ሳታገኘው እንዳትመለስ ብለው ከደጃፍ መለሱኝ፤ ሌሊቱን ከካብ ሥር ተጣብቄ አደርሁ። ጠቦቱን በማለዳ አገኘሁት፤ አባቴን ግን ከዚያ ወዲያ አላገኘኋቸውም። ለእኔ የሚገባውን ጋቢ ለአንተ አለበሱህ።»

የሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፥ በዚያ ሌሊት በአያቴ ላይ ተቆጣሁ። በማግሥቱ ግን ነገሩን መላልሼ አሰብሁት። አባት ልጁን በሰው ፊት ማቆላመጥ ነውር በሚመስልበት ዘመን የኖሩ ሰው ነበሩ። ጭካኔያቸውን በኋላ ሳያውቁት አልቀሩም። ዳሩ ግን ይቅር በለኝ ብለው ወደ ልጃቸው መመለስ አፍረው፥ የልጃቸውን ልጅ ባገኙ ጊዜ የዘገየውን ቸርነት ሁሉ በእርሱ ላይ አፈሰሱ። እንግዲህ የዚያ ቤት ካሣ እኔ ራሴ ነበርሁ ማለት ነው። እኔ በጋቢው ውስጥ ስሞቅ፥ ባለ መብቱ ከምድጃው ወዲያ ተቀምጦ ያይ ነበር። በአንዱ ላይ የተሠራውን በደል ለሌላው ቢክሱት ቸርነት ይባል ይሆናል፤ ፍርድ ግን አይባልም።

ታዲያ የአያቴ ቸርነት ከንቱ ነበርን? አይደለም። ጋቢው እውነተኛ ጋቢ ነበር፤ አሞቀኝም። ነገር ግን እንግዲህ ወዲህ አያቴን ሳስታውስ ግማሹን ብቻ ማስታወስ አይገባኝም። ልጄም ስታድግ «ቅድመ አያትሽ ፍጹም ደግ ነበሩ» ብዬ አልነግራትም፤ «በወጣትነታቸው ጨካኝ፥ በእርጅናቸው ርኅሩኅ ነበሩ፤ ሰው መለወጥ እንደሚችል ከእርሳቸው ተማሪ፤ ደግሞም እንዳይዘገዩብሽ ተጠንቀቂ» እላታለሁ። ሙትን ማክበር በውዳሴ መሸፈን ከሆነ የምንወደው የሠራነውን ምስል ነው፤ እርሱን ራሱን አይደለም።

ከዚህ በኋላ የስሙ ነገር ቀለለልኝ። አክስቴን በትሕትና ለመንኋቸው፤ እርሳቸውም ጥቂት ቅር ብሏቸው ተዉት። የተሰጣትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የማንም ምትክ ያልሆነ፥ የእርሷ የብቻዋ ነውና። ተዝካሩንም በዚሁ አሳብ አደረግነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ ለሞተውም ሰው በ80 ቀን ጸሎት ይደረግለታል። በእኛ ቤት ሁለቱ ሰማንያዎች ሁለት ቀን ብቻ ተራርቀው በሐምሌ ተገናኙ። አንዳንድ ዘመዶች በሬ ይታረድ ሲሉ፥ አባቴ ግን «ጸሎቱ ይድረስ፥ ድኾች ይብሉ፤ በሬው ግን ለእርሻው ይቆይ» ብለው ቈረጡ። እንደዚያም ሆነ።

ከዚያ በኋላ በነሐሴ ወር ከአባቴ ጋር ሕፃኒቱን ለማስመዝገብ ሄድን። በ2004 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበትና ጊዜው እየቀረበ ነበር። በአገራችን ሥርዓት የሰው ሙሉ ስም ሦስት ነው፤ የራሱ፥ የአባቱና የአያቱ። እኔ ስጻፍ ሦስተኛው የአያቴ ስም ነው። ልጄ ስትጻፍ ግን ሦስተኛው የአባቴ ስም ይሆናል፤ የአያቴም ስም ከመስመሩ ይወጣል። ጸሐፊው «የአያት ስም?» ብሎ ሲጠይቅ አባቴ ወዲያው አልመለሱም። የአባታቸውን ስም ሊናገሩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከዚያም ራሳቸውን አርመው የገዛ ስማቸውን ተናገሩ።

በዚያ ምሽት ዝናም ዘንሞ ብርዱ በርትቶ ነበር። አባቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ሕፃኒቱን ከሩቅ ይመርቋት ነበር እንጂ ታቅፈዋት አያውቁም። እኔም «አባዬ፥ ይያዙልኝ» ብዬ ሰጠኋቸው። ጋቢያቸውን ከፍተው አስገቧት፤ ትንሽ ቆይተውም «እደጊ፥ ተመንደጊ» አሉ። እኔ በአጠገባቸው ተቀመጥሁና «ስለዚያ ሌሊት፥ ከካብ ሥር ስላደሩበት፥ ሁሉንም ይንገሩኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ነገሩኝ። ሌሊቱ እስኪጋመስ ድረስ ሰማኋቸው። ይህም ለእርሳቸው ከምከፍለው ዕዳ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የአያት ብድር ወደ ታች ይከፈላል የሚሉ እውነት ብለዋል፤ ነገር ግን ወደ ታች ስንከፍል በመካከል የተቀመጠውን ሰው አንዝለለው። ሕፃን በታቀፍህ ጊዜ የማን ካሣ ነህ ብለህ አትጠይቀው፤ እርሱ ባለ ዕዳ አይደለም። ይልቁንስ ራስህን መርምር፤ ከሞተው ሰው የተቀበልሁትን ለዚህ ሕፃን እንዴት ላድርስለት? በሕይወት ካሉትስ መካከል ገና በብርድ የተቀመጠው ማን ነው? በል። የአያቴም ስም አልጠፋም። ልጄ አድጋ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ስትማር ከእኔና ከአባቴ ቀጥላ በሦስተኛው ስፍራ ትጠራቸዋለች። ያን ጊዜም፥ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፥ በምትክነት ሳይሆን በፍቅር ትጠራቸው ዘንድ ተስፋ አደርጋለሁ።