ዘሩን ከመጠየቃችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በርጫ ላይ ስትቀመጡ ጥግ ይዞ የተቀመጠው ሽማግሌ የሚሰማ አይመስላችሁም። እኔ ግን እሰማለሁ። ሰሞኑን የአብዲ መሐመድ ዑመር ስም ሲነሳ አንዳችሁም «ምን ሠራ?» ብላችሁ አልጀመራችሁም። «የማን ወገን ነው?» አላችሁ፣ ፍርዱ ተከተለ።

አብዲ ክልላችንን ከ2002 እስከ 2010 ሲያስተዳድር ጅግጅጋ ላይ ጄል ኦጋዴን የሚባል እስር ቤት ነበረ። ሰው ያለ ፍርድ ታጉሮ ይገረፍበት እንደነበር የአደባባይ ምስጢር ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ጅግጅጋ ስትዘረፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲነድ፣ ወሬው እዚህ አዲጋላ ድረስ ደረሰ። ሲያጨበጭብለት የነበረው ሁሉ በማግስቱ ተሳዳቢ ሆነ። መጋቢት 2016 በዚያ ሁከት የቀረበበት ክስ ተቋርጦ ሲፈታ ደግሞ ያው አፍ ዞሮ «በእሱ ጊዜ እኮ ሰላም ነበር» ይለን ጀመር።

የአብዲን ተተኪ ሙስጠፌን የምትደግፉም አትሳቁ። ያለ ክስ መታሰር ግፍ ነው ስትሉ የነበራችሁት ዛሬ ጋዜጠኛ ተያዘ ሲባል «ምክንያት ይኖረዋል» ትላላችሁ። ለጋዜጠኛው የምትጮኹትስ፣ ስለ ጄል ኦጋዴን ሲወራ የት ነበራችሁ?



ወገን ሳይለዩ መፍረድ እንዴት እንደሆነ እኔ አይቻለሁ። ልጅ ሳለሁ፣ የድሮው ባቡር በዚህ ሲያልፍ፣ ሽማግሌዎች ከጣቢያው ወዲያ ዛፍ ሥር ነገር ያዩ ነበር። አንድ ቀን በግመል ስርቆት የተከሰሰው ከፈራጆቹ የአንዱ የእህት ልጅ ሆነ። ሽማግሌው በትሩን መሬት ላይ አጋድሞ ተነሳ፣ ከከሳሾቹ ጎን ሄዶ ተቀመጠ። «ዛሬ አልፈርድም፤ ያየሁትን ግን እመሰክራለሁ» አለ። መሰከረበትም። ልጁ ግመሏን ከነግልገሏ መለሰ። ማታ ያው አጎቱ ቤት ራት ሲበላ አይቼዋለሁ፤ አጎትየው ሥጋውን ቆርሶ ሲያጎርሰው።

የኢሳ ሔር፣ የእኛ የባህል ሕግ፣ ይኸው ነው። ዩኔስኮ በ2017 ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባው የምዝገባውን ፎቶ በስልካችሁ ስትቀባበሉ ነበር። ሕጉንስ ማን ተቀበለ? ከአፋር ጋር በምንወዛገብባቸው በገርባ ኢሴ፣ በዑንዱፎና በአዳይቱ ጉዳይ የአፋር ወገን ሲገድል «ጭፍጨፋ»፣ የእኛ ሲገድል «ራስን መከላከል» የሚል አንደበት ይዞ ስለ አብዲ ግፍ ማውራት ምን ዓይነት ድፍረት ነው? አላህ በሱረቱ አን-ኒሳእ በራሳችሁና በወላጆቻችሁ ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ መስክሩ ሲለን ጎሳችንን ለይቶ አላስቀረልንም።

እንግዲህ ነገ የአንድ ባለሥልጣን ነገር ሲነሳ ስሙን ደብቁና ሥራውን ብቻ አውሩ፤ ማንን አሰረ፣ የማንን መሬት ሰጠ፣ ማን ሞተ። ሁላችሁም ፍርዳችሁን ስጡ። ስሙ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን ሰምቶ ፍርዱን ያጠፈ ልጅ ካለ፣ እኔ በተቀመጥኩበት ምንጣፍ ላይ አይቀመጥብኝ።